መንገዳችንን የዘጋን ሰሞን

ጥቅምት 4

ዛሬም ሦስት ጥርስ ተበላሸብኝ።

የምሠራው መስኮቱ ሥር ነው። የመንጋጋ ቅርጽ ያለው ሰም ላይ ሰው ሠራሽ ጥርሶቹን አንድ በአንድ እተክላለሁ። ሰሙን ትንሽ አሞቀዋለሁ፣ ጥርሱን ቀጥ አድርጌ እይዘዋለሁ፣ እስኪበርድ ድረስ ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ። ልክ ያን ጊዜ የጭነት መኪና ያልፋል። ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ክራንቻው ዞር ይላል። የዛሬውን እንዲሁ ብሰጠው ኖሮ ባለቤቱ ፈገግ ሲል ቀኙና ግራው የተኮራረፉ ይመስሉ ነበር።

በፊት እንዲህ አልነበረም። ዋናው መንገድ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ስለሚጨናነቅ ሹፌሮች ሱቁ ጋ ይታጠፉና በእኛ በኩል አቋርጠው ማዶ ይወጣሉ። አንዱ ያገኛትን አቋራጭ ሁሉም አወቃት። አሁን አሁን አውቶቡስ ሁሉ ይገባል።

ባለቤቴ ጠረጴዛውን ወደ ጓሮ ውሰደው አለች። ብርሃኑስ? "መብራት አብራ።" የጥርስ ቀለም በመብራት ይለያል እንዴ... ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ ኖራ።

ጥቅምት 7

ቆጠርኩ። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መኪና። ሞተር ሳይክል ሳይጨምር።

ለባለቤቴ አሳየኋት። የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ደብተር እያረመች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል "በየአሥራ ሁለት ሰከንዱ አንድ" አለች። ቀጥላ፣ የአንድ ቀን ቁጥር ቁጥር አይባልም፣ አምስት ቀን ቁጠር። ሌላ ደብተር እየገለጠች ደግሞ...

"ጥርሱን ማን ይሠራል?"

ጥሩ ጥያቄ ነው።

ጥቅምት 15

ስብሰባ። ጡረታ የወጡት የባንክ ሥራ አስኪያጅ ቤት። አሥራ አንድ ሰው መጣ። ከአሥራ አንዱ የአምስቱ አፍ ውስጥ የእጄ ሥራ አለ። ሰው ሲናገር ነገሩን ትቼ አፉን ነው የማየው፤ ክፉ ልማድ። የሥራ አስኪያጁ የታችኛው ጥርስ ላላ ብሏል። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ይነሣል። ዛሬ ብዙ ጊዜ ከፍ አድርገዋል።

ኮሚቴ ተመሠረተ። በስሙ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተከራከርን። "የመንገዳችን ሰላም ኮሚቴ" ሆነ። ስለ መንገዱ የተነጋገርነው ዐሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ሻይ ቀርቦ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሊቀመንበር ሆኑ። እኔ ጸሐፊ። ምክንያቱ... እጅ ጽሑፌ ያምራል ተባለ።

ስንወጣ ሊቀመንበሩን ጠየቅኳቸው፤ እርስዎ ጠዋት በየት በኩል ነው የሚወጡት? የኛ ስለሚጨናነቅ በታችኛው መንገድ ነው የማቋርጠው፣ አሉኝ። ታዲያ እሱስ ማቋረጥ አይደለም?

"እኔ እኮ የሰፈሩ ሰው ነኝ" አሉ።

ጥቅምት 29

ማህተም ተሠራ። ክብ ነው። የሚያርፍበት ደብዳቤ ገና አልተጻፈም። ሊቀመንበሩ መዳፋቸው ላይ መትተው አዩት፤ ቀለሙ አልለቀቃቸውም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲጨብጡ እያየሁ ነው።

ኅዳር 8

ከማዘጋጃ ቤት ኢንጂነር መጣች። እኛ ሸምገል ያለ፣ ክራቫት ያሠረ ሰው ነበር የጠበቅነው። ልጅ እግር ናት። እጀታ ያለው ባለ አንድ ጎማ መለኪያ እየገፋች መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት። ሊቀመንበሩ ንግግር አዘጋጅተው ነበርና ከኋላ ከኋላዋ እየሄዱ አነበቡላት።

ያለችው ባጭሩ... መንገዱን መሀሉ ላይ በትልልቅ የአበባ ገንዳ መዝጋት ይቻላል። ነዋሪው ከሁለቱም ጫፍ እስከ ቤቱ ይገባል፤ አቋርጦ ማለፍ ግን አይኖርም። ጥሩ። ነገር ግን የኛን ብቻ ከዘጋን መኪናው ተኖ አይጠፋም፤ ወደ ታችኛው መንገድ ይዞራል። መዘጋት ካለባቸው ሁለቱም አንድ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሹፌሩ አቋራጭ መፈለጉን ትቶ በዋናው መንገድ ይሄዳል። ለዚህ ግን የሁለቱም መንገድ ሰዎች ፊርማ ያስፈልጋል፤ ወራት ይፈጃል። የአንዱ ብቻ ከሆነ በሙከራ ስም ቶሎ ይሠራል። ለታችኞቹ ቀድሞ ከተነገራቸውና ተቃውሞ ካላመጡ ይበቃል።

ሊቀመንበሩ "የኛን ቶሎ" አሉ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

ጸሐፊው እኔ ነኝና ወደ እኔ ዞረች። "የታችኞቹን ማን ያነጋግራቸዋል?"

እኔ፣ አልኩ። እህቴ እዚያ ናት። እሑድ እሄዳለሁ።

ኅዳር 11

ሄድኩ። አልነገርኳትም።

እትዬ ምድር ቤት ነው የምትኖረው፤ መስኮቷ መንገዱን ያያል። ፊት ለፊቷ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ጓደኛዋ አለች። በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ አንደኛቸው ተሻግራ ሌላኛዋ ጋ ካርታ ይጫወታሉ። መንገዱ ዘጠኝ እርምጃ ነው። የተሸነፈች ሻይ ታፈላለች። ስደርስ እትዬ እያፈላች ነበርና ጥሩ ስሜት ላይ አልነበረችም።

ምን እየሠራህ ነው ሰሞኑን አለችኝ። ኮሚቴ ገብቻለሁ አልኩ። አንተ? አለች። ከዚያ ለአዋላጇ፣ ይህን ልጅ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ያደረስኩት እየጎተትኩ ነው፤ አሁን ሰው ሊመራ ነው... ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እንዳሻት የመሳቅ መብት አላት።

ወጉ ደርቶ ነበር። መሀሉ ላይ ምን ብዬ ልግባ? ሌላ ቀን።

ኅዳር 14

ቃለ ጉባኤው ዛሬ ማዘጋጃ ቤት መግባት ነበረበት። ሊቀመንበሩ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አራተኛው መስመር ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "የታችኛው መንገድ ነዋሪዎች በቃል ተነግሯቸዋል።"

ለማን ተነገረ? ለማንም። ግን ልነግራት አስቤ ነበር። ሐሳብም እኮ...

እጅ ጽሑፌ በእርግጥ ያምራል።

ታኅሣሥ 3

ገንዳዎቹ ትናንት ተተከሉ። ስድስት፣ ከሲሚንቶ። አበባ የለባቸውም፤ አፈሩም በኋላ ይመጣል ተብሏል። ለጊዜው ውስጣቸው የሙዝ ልጣጭ አለ።

ዛሬ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ መስኮት ላይ ነኝ። ሹፌሮቹ እንደ ወትሯቸው እየበረሩ ይመጣሉ፣ ቀጥ ይላሉ፣ ገንዳውን ያያሉ፣ ከዚያ እኔን ያያሉ። አንዱ ወርዶ ገንዳውን ሊገፋው ሞከረ። ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ታገለ። ከዚያ ሱሪውን አራግፎ ተመለሰ። ባለ ሱቁ በሩ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ያይ ነበር።

ታኅሣሥ 6

አንድ ሙሉ የላይኛው መንጋጋ በአንድ ጠዋት። ዐሥራ አራት ጥርስ፣ አንዱም ሳይዞር። እንዲህ ከሠራሁ ስንት ዓመት ሆነኝ?

ጸጥታው ለጆሮ ይከብዳል። የግድግዳ ሰዓቱን ሰማሁ። ባለቤቴ ደብተር ስትገልጥ ሰማሁ። የጎረቤታችንን ባልና ሚስት ጭቅጭቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ለካ መኪናው ነበር ገመናቸውን የሸፈነላቸው። ከሁለቱ ልክ ሚስቲቱ ናት።

ታኅሣሥ 13

ሁለተኛው የኮሚቴ ስብሰባ። አጀንዳ፦ ኳስ።

መኪናው ሲጠፋ የሰፈሩ ልጆች መንገዱ ላይ ኳስ ጀመሩ። ሊቀመንበሩ የእንቅልፍ ሰዓታቸው ተነካ። ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ገንዳው ላይ ይለጠፍ ተባለ። ጻፍኩ፣ ማህተም ተመታ፣ ተለጠፈ። አመሻሹ ላይ ልጆቹ ጎል አድርገውታል፤ ማህተሙን የመታ ሁለት ነጥብ።

ታኅሣሥ 19

እትዬ ደወለች። ጤናዬን ጠየቀች፣ የባለቤቴን ጉልበት ጠየቀች። ከዚያ...

"እዚህ መንገድ ላይ ምንድን ነው የመጣብን?"

ምን መጣ? አልኩ።

መኪና ነዋ፣ ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ጎርፍ ሆነ አለች። መስኮቱ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ትናንት ካርታ ሳንጫወት ቀረን።

"ከተማው አድጎ ነው" አልኳት።

ባለቤቴ ከመነጽሯ በላይ አየችኝና ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ሌላ ቀን ቢሆን አትተወኝም...

ጥር 3

ሄጄ አየሁት።

ሁለቱ በየመስኮታቸው ተቀምጠዋል፣ ፊት ለፊት፣ ስልክ ጆሯቸው ላይ። ካርታ እየተጫወቱ ነው። አንዷ የጣለችውን ካርታ መስታወቱ ላይ ለጥፋ ታሳያለች። መኪና ሲከልላቸው ይጠብቃሉ። እትዬ ታጭበረብረኛለች ትላለች፤ በስልኩ ውስጥ የአዋላጇ ድምፅ፣ አንቺ ነሽ እንጂ... ሳቅ መጣብኝ። ከዚያ ሳቁ እዚያው ቀረ።

ወደ አዋላጇ ላሻግራት አልኩ። እጇን ይዤ ጠርዙ ላይ ቆምን። አንዱም አይቆምም። ሁለት ጊዜ እግር አንሥተን ሁለት ጊዜ ተመለስን። ዘጠኝ እርምጃ ለመሻገር ስድስት ደቂቃ። ሊቀመንበሩ በዚያው በኩል አለፉ፤ ክላክስ አድርገው ሰላም አሉኝ።

አዋላጇ፣ የላይኛው መንገድ ተዘግቶ ነው አሉ፣ አለች። ኮሚቴ ነው ያስዘጋው አሉ። እትዬ ሻይዋን አስቀመጠች። "ያንተ ኮሚቴ ስለ ምን ነበር?"

ስለ... ሰላም፣ አልኩ።

ስሙ እኮ ነው። አልዋሸሁም።

ጥር 16

እትዬ ወድቃለች። ሞተር ሳይክል።

ጥር 18

አሁን ነው የተቀመጥኩት። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። በስልክ መጫወት ሰልችቶኛል፣ መጣሁ፣ ብላ ዘጋችው። አዋላጇ በመስኮት ታያለች። አንድ አውቶቡስ አሳለፈች፣ አንድ ሌላ አሳለፈች፣ ገባች። ሞተረኛው በአውቶቡሱ ጎን ነበርና አላየችውም፤ እሱም አላያትም። የግራ እጇ አንጓ ተሰብሯል። ከላይ አራት የፊት ጥርሶች።

ሞተረኛው ሸሽቶ አልሄደም። ጠርዙ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለሥራ ዘግይቶ፣ ድሮ የሚያቋርጥበት መንገድ ተዘግቶበት... ይህን ለትራፊክ ፖሊሱ ሲናገር አጠገቡ ቆሜ ነበር።

እጇ በጄሶ ታሥሯል። ደህና በሆነው እጇ አፏን ሸፍና ነው የተኛችው። ዛሬ ስሄድ አዋላጇ በር ላይ ያዘችኝ፤ አፌ ሳይስተካከል እሱ እንዳያየኝ ብላለች አለችኝ።

የከተማውን ግማሽ አፍ አይቻለሁ። የእህቴን እንዳላይ...

ጥር 21

የጥርስ ሐኪሙ የአፏን ልክ ላከልኝ፤ ለጊዜው የሚሆናት ይሠራላት ብሎ። ለሌላ ሠሪ ይላክ ልል ነበር። ባለቤቴ፣ ከአንተ የተሻለ ማን አለ? አለችኝ። ከዚያም ቀስ ብላ፣ "ደግሞ አንተ ነህ መሥራት ያለብህ።" ሁሉን ታውቃለች። ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር።

ጄሶ በጠበጥኩ፣ ልኩ ውስጥ አፈሰስኩ፣ ሲደርቅ ፈታሁት። የእትዬ አፍ መዳፌ ላይ። የፊት ሁለቱ ትንሽ ይደራረቡ ነበር። ስትስቅ አንዷ ቀድማ ትወጣ ነበር። ሐኪሙ ቀጥ አድርገህ ሥራ ብሏል። አደራረብኳቸው።

አንድም መኪና አላለፈም። ጠረጴዛው ንቅንቅ አላለም። ያም ሆኖ አንዷን ጥርስ አምስት ጊዜ ተከልኳት።

ጥር 28

ጥርሱን ይዤ ሄድኩ። አዋላጇ ተነሥታ ወጣች። እትዬ አፏን እንደሸፈነች ናት። ከማሳየቴ በፊት ልንገራት አልኩ፤ ካሳየኋት በኋላ የምነግራት ከሆነ መደለያ ይመስላል።

መንገዱን የዘጋነው እኛ ነን፣ አልኳት። ኢንጂነሯ ወደ እናንተ እንደሚዞር ነግራን ነበር። እናንተን የማነጋግረው እኔ ነበርኩ። ተነግሯቸዋል ብዬ ጻፍኩ።

"አውቃለሁ" አለች፣ ከእጇ ጀርባ።

ከመቼ ጀምሮ?

"ከተማው አድጎ ነው ያልከኝ ዕለት። ከተማ በሁለት ሳምንት አያድግም።"

ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?

"እስክትነግረኝ ነዋ።"

ሌላ ምን ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ስዋሽ እንዲሁ ነበር የምታደርገኝ፤ ትጠብቀኛለች፣ እኔ እንቅልፍ አጣለሁ።

እጇን ዘረጋች። ጥርሱን ሰጠኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አደረገችው፣ መስታወት አየች፣ ብዙ ቆየች። ከዚያ አንዷ ትረዝማለች አለች። አትረዝምም። ለክቻታለሁ። ተቀብያት ምኑንም ሳልነካ እንደሞረድኩ አድርጌ መለስኩላት። አሁን ልክ ሆነ አለች።

ይኸው ሌላ ውሸት። ይህኛው አይቆጨኝም።

የካቲት 5

ስብሰባ። እጄን አወጣሁ። ሁለቱም መንገዶች አንድ ላይ ይዘጉ፣ ኢንጂነሯ መጀመሪያ እንዳለችው፣ አልኩ። የእትዬን ነገር ተናገርኩ።

ሁሉም አዘኑ። ከልባቸው አዘኑ። ከዚያ ሊቀመንበሩ፣ ታችኛው ከተዘጋ እኔ ጠዋት በየት ልወጣ ነው? አሉ። ሌላው፣ ባለቤቴን ሥራ የማደርሳት በዚያ ነው አለ። ሌላዋም። ለካ ኮሚቴው በሙሉ በእህቴ መስኮት ሥር ነው የሚያልፈው።

ድምፅ ተሰጠ። አንድ ለዐሥር። አንዱ እኔ።

አልተቀመጥኩም። ሊቀመንበሩ ተቆጡ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ፣ የታችኛው ጥርስ ተነሣ፣ በአውራ ጣታቸው መለሱት። "የታችኞቹ ተነግሯቸዋል ይላል ቃለ ጉባኤው። በእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው ያለው።"

"ውሸት ነው" አልኩ። "የጻፍኩትም እኔ ነኝ።"

አንዱ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ጥርት ብሎ ተሰማ። መኪና የለ፣ ምን ይሸፍነው። ሊቀመንበሩ ከጸሐፊነት መነሣቴን በማግስቱ ሳይሆን እዚያው አጸደቁ። ማህተሙን እንዳስረክብ ተጠየቅሁ። ኪሴ ውስጥ ነበር። አስረከብኩ።

ሲያወጡኝ ሻዩ ገና አልቀረበም ነበር።

የካቲት 13

ማዘጋጃ ቤት። ሁለቱም ይዘጉ የሚል ደብዳቤ በስሜ ጽፌ። መስኮት ሦስት፣ ማህተም የለውም አሉኝ። ግለሰብ ነኝ አልኩ። ግለሰብ መስኮት አምስት። መስኮት አምስት፣ ስለ መንገድ ከሆነ ኮሚቴ ነው የሚያመለክተው፣ መስኮት ሦስት። መስኮት ሦስት ምሳ ወጥቷል።

ደረጃው ላይ ኢንጂነሯን አገኘኋት። መለኪያዋን ተሸክማለች። ያችን አራተኛዋን መስመር ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው፣ ቀኑን ጠየቀችኝ፣ እሱንም ጻፈች። ከዚያ፣ ደብዳቤ ይተዉት፣ ፊርማ ያምጡልኝ አለች። በቤት አንድ። ከሁለቱም መንገድ ከግማሽ በላይ። ከእኛ ከአርባ ሁለት ቤት ሃያ ሁለት፤ ከታችኛው ከሠላሳ ስምንት ሃያ።

"እህትዎ እንዴት ናቸው?" አለችኝ ስትወጣ። እኔ እኮ አልነገርኳትም። የፖሊስ ሪፖርቱ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር ለካ።

የካቲት 20

የታችኛው በሁለት ቀን አለቀ። አዋላጇ ናት የዞረችው። በር ታንኳኳለች፣ "አንተን ያዋለድኩህ እኔ ነኝ፣ ፈርም።" ሠላሳ ሦስት ፊርማ። የቀሩት አምስቱ ሌላ ቦታ የተወለዱ ናቸው።

የኛው ግን... ባለቤቴ አብራኝ ትዞራለች። ስም እየሰረዘች "አሥራ አራት፣ ስምንት ይቀራል" ትለኛለች። መጋረጃ ይነቃነቃል፣ በር አይከፈትም። ጥርሱን የሠራሁለት ሰው ከውስጥ "የለም" ሲል ሰማሁት። "ለ"ዋ ጥርት ብላ ነው የወጣችው።

የፈረሙት መኪና የሌላቸው፣ የኳስ ተጫዋቾቹ እናቶች፣ አንድ ዐይነ ስውር ዘፋኝ።

ባለ ሱቁ አልፈርምም አለ። ሁለቱም ይከፈቱ ነው የሚለው። "አንተ ጥርስ ትሠራለህ፤ ሰው ፈልጎህ ይመጣል። እኔ ለሚያልፍ ሰው ውሃ ነው የምሸጠው። የሚያልፍ ሰው ነሳኸኝ።" ውሃ ገዝቼ ወጣሁ።

የካቲት 27

ሃያ አንድ። አንድ ይጎድላል። ባለቤቴ ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ደመረችው፣ ሃያ ሁለት ሊሆንላት አልቻለም።

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ሊቀመንበሩ። አፋቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ እጃቸው ላይ መሐረብ። መሐረቡ ውስጥ የታችኛው ጥርስ ከሁለት ተሰብሮ። ሊናገሩ ሞከሩ፤ ያገኘሁት "ነገ" የሚለውን ብቻ ነው። ነገ ማዘጋጃ ቤት ቀጠሮ እንዳላቸው ሰምቻለሁ፤ የኔን ማመልከቻ ሊቃወሙ።

እውነቱን ልጻፍ፤ ማንም አያነበውም። ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ብዕሩ አጠገቡ ነው፣ ጥርሱ እኔ ጋ ነው። ይፈርሙ፣ ይናገሩ። ወይም ለነገ አይደርስም ብሎ ነገር...

አንድ ውሸት ያመጣውን አይቻለሁ። ጥርሱን ጠገንኩት። ድዳቸው ስለቀነሰ ከሥሩም ሞላሁት። ሁለት ሰዓት ተኩል ያለ ጥርስ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዳምጡ አየኋቸው። አደረጉት፣ ነካክሰው ሞከሩት።

"ከድሮው ይሻላል" አሉ። ከዚያ ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ወጡ።

የካቲት 28

ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሊቀመንበሩ ባለቤት መጡ። ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ። ወረቀቱ የታለ? አሉ።

በቤት አንድ ፊርማ ነው አልኳቸው፣ ምናልባት ጋሼ...

"ማን ቀድሞ መጣ?" አሉኝ።

ፈረሙ። እሳቸው ያውቃሉ? ብዬ ጠየቅሁ። ሲያነቡት ያውቃሉ አሉ። በሩን ሊከፍቱ ሲሉ ዞር ብለው፣ እህትህን አውቃታለሁ፣ በሦስተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው አሉ። ሄዱ።

ባለቤቴ ቁርሷን ትታ መጣች። ደመረች። ሃያ ሁለት።

መጋቢት 17

የታችኛውም ተዘጋ። የምረቃ ሥነ ሥርዓት ነበረ፣ ሪባን ያለው። ገንዳው ላይ ታሥሮ። ሊቀመንበሩ ንግግር አደረጉ። ኮሚቴያችን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለቱም መንገዶች አንድ ላይ እንዲዘጉ በጽናት ሲታገል... አንዲት ቃል አልተዋጠችባቸውም፣ ጥርሱ ንቅንቅ አላለም። በሥራዬ ኮራሁ፤ በሌላው ምንም ማድረግ አይቻልም። ኢንጂነሯ ከኋላ ቆማ ስልኳን ትነካካ ነበር። ባለቤታቸው ጨበጨቡላቸው።

ሰው ሲበተን እትዬ ጋ ሄድኩ። በሯ ላይ ቆማለች። መንገዱ ባዶ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መኪና የለም። ተሻገሪ እንጂ አልኳት።

"እግሬ እምቢ አለኝ" አለች።

ቆምን። እጇን ልይዛት ስል ሰበሰበችው፣ የተሰበረውን እጅ ነበር የነካሁት። ገና ያማታል። አዋላጇ ማዶ ሆና አየችን። ወጥታ እስከ መንገዱ መሀል መጣች፣ እዚያ ቆመች። እትዬ ዘጠኝ እርምጃውን ሳይሆን አራቱን ሄደች። አምስተኛው ላይ ተያያዙ። ገቡ።

እኔን ግባ ያለኝ የለም። ደግ። ተሸንፌ ሻይ ለማፍላት አልተዘጋጀሁም ነበር።

ሚያዝያ 6

ዛሬ አዲስ ደንበኛ መጣች፣ ሸምገል ያለች ሴት። ለሙሉ የላይኛው ጥርስ ልኳን ላነሣ አፏን በሰም ሞላሁት። ሦስት ደቂቃ ዝም ማለት ነበረባት፤ በዐይኗ ብቻ ብዙ ነገር ስትነግረኝ ቆየች። ሳወጣላት ፈነዳች።

የምትኖረው ዋናው መንገድ ላይ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ። ከመጋቢት ወዲህ መስኮት ከፍታ አታውቅም። ድሮ በሁለት በኩል ይሰራጭ የነበረው መኪና ሁሉ አሁን እሷ ሥር ነው የሚቆመው፣ ጠዋት ሙሉ ሞተሩን እንዳስነሣ። ልብስ ብታሰጣ ጥቁር ሆኖ ይገባል። ባሏ ያስለዋል።

"መንገዳቸውን የዘጉት ሰዎች..." አለች፣ "ጥርሳቸው ይርገፍ።"

የት እንደተቀመጠች ረስታዋለች። ሰሙን እንደያዝኩ ቆምኩ። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ልኳን አንሥቻለሁ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮዋ በሳምንቱ ነው፣ ጥርሷን ይዛ ትሄዳለች...

"አንዱ እኔ ነኝ" አልኳት።

አፏን ከፍታ ቀረች።

እንደዚያው ያቆዩት አልኩና የታችኛውን ድድ አየሁ። ጨርሼ እጄን ስታጠብ በየትኛው በኩል ነው የሚኖሩት፣ መስኮትዎ ወዴት ነው የሚያየው፣ መኪናው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚቆመው ብዬ ጠየቅኋት። መጀመሪያ በጥርጣሬ፣ በኋላ በዝርዝር ነገረችኝ። ነገ ጠዋት መጥቼ ልየው አልኳት።

"መጥተው ምን ሊያደርጉልኝ?"

እንጃ፣ አልኩ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ለባለቤቴ ስነግራት ደብተሯን ዘጋች፣ እኔም እመጣለሁ አለች።

ቆጠራው እንዳያመልጠን ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት መድረስ አለብን።